የሞትኩበት ካሴት

ባለፈው ሳምንት የውሃ ክፍያ ለመክፈል ሶዶ ውስጥ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከፊቴ የቆመች ጎልማሳ ሴት ሦስት ጊዜ ዞር እያለች አየችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሴት ሦስት ጊዜ ዞራ ካየችኝ ወይ ኮሌታዬ ተገልብጧል፣ ወይ ጂኦግራፊ አስተምሬያታለሁ። በአራተኛው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከለል አድርጋ፣

«ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ የሞቱት አይደሉም?» አለችኝ።

«ነኝ» አልኳት። «አሁን ግን ደህና ነኝ።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እናቴ እኮ አልቅሳልዎታለች። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ገበያ ይዛኝ ወጥታ ነበር። የተሸከመችውን የሸክላ ድስት ጣለችው» አለችኝ። ለድስቱ ይቅርታ ጠየቅኩ። ተራዋ ደረሰና ከፍላ ሄደች። እኔም ከፍዬ ወጣሁ፤ ደረሰኙን እንደያዝኩ መንገዱ ዳር ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። አዝኜ አይደለም። ያዝናል ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ በዚህ ነገር አንድም ቀን አዝኜ አላውቅም፣ ደስ ብሎኝም አያውቅም። ተቀምጠውበት የቆዩት እግር ሲደነዝዝ ታውቁታላችሁ? በጣት ትነኩታላችሁ፣ የእናንተ መሆኑንም ታውቃላችሁ፣ ግን የሌላ ሰው እግር ነው። እንደዚያ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሞባይል ከመምጣቱ በፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ በሙሉ እኔ «ያኔ» እለዋለሁ። ያኔ ሶዶ ውስጥ ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲ የሰው ፊት ታክል ነበር፤ የዛሬዋ ፓስቲ ለያኔዋ ፓስቲ የሸሚዝ ቁልፍ ብትሆናት ነው። ክረምት ሲገባ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጭቃ ፈረስ ከነጋሪው ይውጥ ነበር። በመስከረም፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ፣ ፀሐይ ሲወጣ ጋሪው፣ ፈረሱና ባለጋሪው ተቆፍረው ይወጡ ነበር፤ ባለጋሪው አለንጋውን እንደያዘ። ዛሬ ያው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበት ባጃጅ ይንጫጫበታል፤ የሚሰምጥ ሰው የለም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል የሚወራ የጠፋው። ሱሪያችንን የምንገዛው ከሰልባጅ ተራ ነበር። የእኔ ሱሪ የአንድ በጣም ረጅም ፈረንጅ ስለነበረ ከእግሩ በታች የተቆረጠው ጨርቅ ለታናሽ ወንድሜ ሌላ ሱሪ ወጣው። ስብሰባ ይበዛ ነበር። ማን ምን እንደተናገረ ፖለቲካውን ለሚያውቁት ትቻለሁ፤ የአዳራሹ ወንበር ምስማር ያንኑ ሱሪ ከኋላ እንደቀደደው ግን አስታውሳለሁ።

ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሲወጣ ሙዚቃ ቤቶች በግራና በቀኝ ተደርድረው ስፒከራቸውን ከበራቸው ውጪ ይሰቅሉ ነበር። አንዱ መዝሙር ያሰማል፤ ፊት ለፊቱ ያለው የፍቅር ዘፈን። መሃል መንገድ ላይ የቆመ ሰው በቀኝ ጆሮው ይድናል፣ በግራው ይጠፋል። እኛ እዚያ መሃል ላይ ነበር የምንውለው።

እኛ የምለው እኔ፣ ኤልያስና ቢንያም ነን። «ሦስተኛ ፈረቃ» የሚባል የሮክ ባንድ ነበረን። ሮክ። ወላይታ ሶዶ ውስጥ። ትምህርት ቤቱ ያኔ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ነበር የሚያስተምረው፤ እኛ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን የትኛውም ፈረቃ የማይፈልገን ስለነበርን ስሙን ከዚያ ወሰድነው። ኤልያስ እንኳ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ነበር፤ በአጋማሹ ነው ጥሎ የመጣው። ጊታር የለመደው በቤተ ክርስቲያን ኳየር ነው። አንድ እሑድ ቀስ ባለ መዝሙር መሃል ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ አንድ ክር ቢመታ፣ ሽማግሌዎቹ ስፒከሩ የተቃጠለ መስሏቸው ሶኬቱን ነቀሉ። ከዚያ በኋላ በትሕትና «ትንሽ ዕረፍ» አሉት። ገና እያረፈ ነው።

ሮክን ያመጣልን ሁምቦ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፍር የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። ሲሄድ አንድ ካሴት ትቶ ሄደ፤ ጽሑፉ በላብ ጠፍቷል፣ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ጊታሩ በመሃል ቀልጦ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ይመስላል። እኛ ሮክ ማለት ይኼ ነው አልን። ኤልያስ ያንን መቅለጥ በጣቶቹ ለማምጣት ስምንት ወር ተለማመደ፣ አመጣውም። ለካስ ካሴቱ በሁምቦ ፀሐይ መኪና ውስጥ ከርሞ ክሩ ተለጥጦ ነው! ይህንን ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ኤልያስ ሲሰማ አልደነገጠም። «በቃ፣ ያንን ድምፅ የፈጠረው ሁምቦ ነው ማለት ነው» አለ። ኤልያስ ዛሬ በዴሳ ከተማ ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከመደርደሪያው በላይ ጊታር ሰቅሏል፤ ደንበኛ ሊነካው ሲንጠራራ «እሱ አይሸጥም» ይላል።

የምንለማመደው በቢንያም አባት የበቆሎ መጋዘን ውስጥ ነበር። ቢንያም የናፍጣ በርሜል፣ አንድ ሙሉ የቤት ቆርቆሮና የእናቱን የድስት ክዳን ይመታል። ድምፃዊው እኔ ነበርኩ። ለምን እኔ? ጊታር አልችልም፣ ከበሮ አልችልም፣ ዝም ማለትም አልችልም። ግጥሙን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ግማሹን በወላይትኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ስዘፍን በመሃል ቀልድ ይመጣብኛል፤ ቢንያም ይስቃል፣ የድስቱ ክዳን ይወድቃል። ኤልያስ ምንም ሳይናገር ካሴቱን ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ያስጀምራል። አንዱን ዘፈን ሠላሳ ጊዜ እንደዚያ አድርገናል። እሺ፣ ሦስት መቶ ጊዜ።

የቀረጻው ዘዴ እንዲህ ነበር። ሁለት ቴፕ ነበሩን። መጀመሪያ ጊታሩንና በርሜሉን በአንዱ እንቀዳለን። ከዚያ ያንን እያጫወትን እኔ እላዩ ላይ እዘፍናለሁ፤ ሁለተኛው ቴፕ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ካሴት ነበረው፤ አንዱ እኔ የሌለሁበት፣ አንዱ እኔ ያለሁበት። ይህንን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋል። አንዱ ዘፈን ሰባት ደቂቃ ሙሉ የወፍጮ ቤት ሞተር ነው፤ ኤልያስ ከመናኸሪያው በታች ካለው ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ቀድቶት በላዩ ጊታሩን አቀለጠበት። እህል ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች የጤና ቢሮ ሠራተኛ መስሏቸው ስለ ልጆቻቸው ሳል ነገሩት።

አንድ ቀን በቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ኤልያስ ክር እየወጠረ፣ «አልበሙ ሲወጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ የሚሰማው አንድ ሰው ካገኘሁ፣ ወደ ማሠልጠኛው አልመለስም» አለ።

«ካላገኘህስ?»

«ጊታሩን እሸጥና እመለሳለሁ። ዳይሬክተሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቀኛል።»

«አንድ ሰው ብቻ? እኔ አለሁልህ።»

«አንተና ቢንያም አትቆጠሩም።»

አባቱ ማሠልጠኛውን መተዉን ከሰማ ወዲህ አያናግረውም ነበር፤ ምሳ ላይ «ጨው ያቀብለኝ» የሚለው በእናቱ በኩል ነው። እኔ ይህንን አውቅ ነበር። አውቄ ነው እንግዲህ ቀጥሎ ያለውን ያደረግኩት።

ኤልያስ የአልበሙ መክፈቻ የእድር ጡሩንባ እንዲሆን ፈለገ። ሌላ ምንም አይደለም፣ ድምፁን ብቻ። የሰፈራችን እድር ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ዱካሌ ነበር። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ገና ጡሩንባውን ከከንፈሩ ሲያገናኝ ሴቶች ነጠላቸውን የሚዘቀዝቁለት ሰው። ሰው እንዳይሰማ ብለን ከሰዓት በኋላ ከከተማው ውጪ፣ ዳሞታ ግርጌ ወዳለው ባሕር ዛፍ ይዘነው ወጣን። ጋሽ ዱካሌ ጡሩንባውን በቡትቶ ጠቅልሎ ተሸክሞ፣ እላይ ስንደርስ ዙሪያውን አየና፣

«ማነው የሞተው?» አለ።

«ማንም አልሞተም ጋሼ፣ ለሙዚቃ ነው» አለው ኤልያስ።

«ጡሩንባ ያለ ሰው አይነፋም።»

«ድምፁን ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«ነፍቼ ዝም ልበል? ሰው ወጥቶ ማን ሞተ ሲለኝ፣ ማንም ልበለው? በዕድሜዬ ያለ ስም ነፍቼ አላውቅም፤ አሁንም አልጀምርም።» ጡሩንባውን መልሶ መጠቅለል ጀመረ።

ኤልያስ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ደግሞ፣ እንደነገርኳችሁ፣ ዝም ማለት አልችልም። «እንግዲያውስ በእኔ ስም ንፋው» አልኩት።

ጋሽ ዱካሌ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ለሬሳ ሣጥን የሚለካኝ ነበር የሚመስለው። «የማን ልጅ ነህ?»

«የአቶ ጎዳና፣ የሁምቦ ተበላ ከተማው። ታዲዎስ።»

«ጎዳና አርፏል። እዚህ ላሉት ዘመዶቹ የነፋሁት እኔ ነኝ። እናትህስ?»

«አለች፣ እዚያው ተበላ።»

«ካሴቱስ የት ነው የሚሄደው?»

«አዲስ አበባ» አልኩት፤ እንዲያ ነበር ምኞታችን።

«አዲስ አበባ የሚያውቅህ ሰው አለ?»

«አንድም።»

«እንዲያ ከሆነ ግድ የለም» አለና ጡሩንባውን ፈታ። ሦስት ጊዜ ነፋ። ከዚያ መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ «የአቶ ጎዳና ልጅ ታዲዎስ አርፏል! ቀብሩ ነገ ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲል ዛፎቹ ራሳቸው የተነሡ መሰለኝ። ሲጨርስ ወደ እኔ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። እኔና ቢንያም መሬት ላይ ወድቀን ሳቅን። ኤልያስ ቴፑን ዘግቶ፣ «ስሙን እቆርጠዋለሁ፣ ጡሩንባው ብቻ ይበቃል» አለ።

«ተው እንጂ፣ ያስቃል!» አልኩት።

«እናያለን» አለ።

ከዚያ ኤልያስ ሁለት ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ተዘግቶ ዘፈኖቹን ደረደረ። ሲወጣ ስልሳ ካሴት በሣጥን ይዞ ወጣ። ሽፋኑ ከደብተር ጀርባ የተቆረጠ ካርቶን ነው፤ ቢንያም በእስክሪብቶ ወፍጮ ሥሎበታል። የተጠናቀቀውን እኔ አልሰማሁትም። ባትሪ አልነበረኝም፤ ደግሞ የራሴን ድምፅ አውቀዋለሁ ብዬ።

በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት ካሴታችንን ስፒከሩ ላይ አወጣው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ፓስቲ እየበላሁ ነበር። የጋሽ ዱካሌ ጡሩንባ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ገበያው ቆመ። እውነቴን ነው፤ ዶሮዎቹ እንኳ ቆሙ። ሴቶች ሸክማቸውን አወረዱ፤ ያቺ ድስትም እዚያ ነው የተሰበረችው። ቀጥሎ ስሜ መጣ፣ በሁለት ቋንቋ።

ምን ተሰማህ ይሉኛል ሰዎች። ፓስቲው ቀዝቅዞ ነበር። ያ ነው የተሰማኝ።

«ማነው? ማነው?» «የጎዳና ልጅ፣ የሁምቦው!» «ውይ! ያ ቀልደኛው?» ደረት መመታት ጀመረ። እኔ ተነሥቼ መሃል መንገድ ገባሁና «አልሞትኩም! እኔ ነኝ!» አልኩ። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን አየችኝ፣ አፏን ያዘች፣ «ወንድሙ ነው! ቁርጥ እሱን!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰችብኝ። ከኋላዋ ሌሎች ተሰለፉ። ስምንት ሰው አቅፎ አልቅሶብኛል፤ አንዱ «ወንድምህ ጥሩ ሰው ነበር» ሲለኝ «ነበር» አልኩት። ምን ልበል?

ጋሽ ዱካሌ ራሱ ገበያው መሃል ዶሮ ታቅፎ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። «እኔ አይደለሁም! ይኸው እጄ ላይ ዶሮ ነው ያለው!» እያለ ይምላል፤ ጡሩንባው ከኋላው ይጮኻል። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ደንግጦ ማቆሚያውን ትቶ ማስደገሚያውን ነክቶ ኖሮ፣ እንደገና ሞትኩ። በመጨረሻ ካሴቱን ነቅሎ አወጣውና ኤልያስን ባዶ ሣጥኑን እንደያዘ በሩ ላይ አገኘው። «ወንድሜ፣ ደንበኛ አላስለቅስም» ብሎ ሁሉንም መለሰለት። ስልሳውንም። ከጡሩንባው በኋላ ያለውን አንድ ሰው አልሰማም።

የእድሩ ሽማግሌዎች ጋሽ ዱካሌን በዚያው ቀን ከተማውን አዞሩት። ሶዶ ከተቆረቆረች እንደዚያ ያለ ጡሩንባ ተነፍቶ አያውቅም፤ «የአቶ ጎዳና ልጅ ታዲዎስ አልሞተም! ቀብር የለም! ሥራችሁን ቀጥሉ!» ያንን ሲሰሙ ደግሞ ቀድሞ ያልሰሙት ሰዎች «እንዴት፣ ሞቶ ነበር?» ብለው ወጡ።

ኤልያስ አልተቆጣኝም። ሣጥኑን ይዞ መንገዱ ዳር ተቀምጧል። ያስለቀስኩት ሕዝብ፣ የተዋረደው ጋሽ ዱካሌ፣ የኤልያስ ጊታር፣ ሁሉም ፊቴ ተደርድረው ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ አንዱም ማሰብ አልቻልኩም። ያኔ አንድ ረዳት ከመናኸሪያው በር፣ «ወደ ተበላ የሚሄደው መኪና እኮ ወሬውን ይዞ ወጥቷል!» አለኝ።

ሣጥኑን ለቢንያም ትተን እኔና ኤልያስ በሚቀጥለው ሚኒባስ ተሳፈርን። ሁምቦ ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ነው የሚቀበላችሁ። ያኔ እነዚያ ኮረብቶች ገና ራሰ በራ ነበሩ፤ አሁን ዛፍ ወጥቶባቸዋል፣ ባየኋቸው ቁጥር ዊግ ያደረጉ ይመስለኛል። በመንገዱ ላይ በቡድን በቡድን ወደ ተበላ የሚሄዱ ሰዎች እናልፋለን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ወደ እኔ ለቅሶ ነው የሚሄዱት። አንዷን አውቃታለሁ፤ በመስኮት እጄን ባወዛውዝላት እሷም አወዛወዘችልኝና መንገዷን ቀጠለች።

አዬ — እናቴን በወላይትኛ እንደዚያ ነው የምጠራት — ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ወገቧን በነጠላ ታጥቃለች። አርባ የሚሆን ሰው ዙሪያዋን ተቀምጧል። ስታየኝ አልጮኸችም። ተነሥታ መጣች፣ ፊቴን በሁለት መዳፏ ያዘችና እንደ በቆሎ እሸት ወዲያና ወዲህ እያዞረች መረመረችኝ። ከዚያ በጥፊ አለችኝ። ቀኝ ጆሮዬ እስከ ዛሬ ያንን ጥፊ ይሰማል።

«ሞተሃል አሉኝ።»

«አልሞትኩም፣ አዬ።»

«ማነው ታዲያ የነገራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

የአባቴ ጓደኛ አቶ ሳና፣ የተበላው ባለ ወፍጮ፣ በትሩን መሬት ላይ እያሻሸ፣ «እኛ እንግዲህ አልቅሰናል። ሥራ ጥለን መጥተናል፣ ተቀምጠናል። አሁን ተነሡ ቢባል በምን አፍ ነው የሚባለው?» አለ።

«ማንም አይነሣም» አለች አዬ። «ንፍሮው ተጥዷል።» ወደ እኔ ዞረች። «የገደለህ ነገር የታለ?»

«እኔ ጋ ነው፣ እማማ» አለ ኤልያስ። ካሴቱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

«አሰሙኝ። ስለምን እንዳለቀስኩ ልወቅ።»

ከጎረቤት ቴፕ መጣ፤ ባትሪዎቹ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ትንሽ ነፍስ ዘሩ። ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጡሩንባው ሲነፋ፣ ስሜም ሲጠራ፣ እኔ ፊታቸው ንፍሮ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ሁለተኛ አለቀሱልኝ። አዬ አላለቀሰችም። ጆሮዋን ወደ ቴፑ አዘንብላለች። ከዚያ ጊታሩ ጀመረ።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው አይነሣም፣ አያወራም፣ ሰዓት አያይም። እንደዚያ ሆነው ነው የሰሙት። አንድ ሰው አልሳቀም። በርሜሉ ሲመታ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። የወፍጮው ዘፈን ሲደርስ አቶ ሳና በትሩን አቆመ፤ ሰባቱን ደቂቃ በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣

«ይቺ የማን ናት?» አለ።

«ከመናኸሪያው በታች ያለችው» አለው ኤልያስ።

«ቀበቶዋ ላልቷል። ንገሯቸው።»

እኔ ግን የምጠብቀው ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ዘፈን ድምፄ አልመጣም። መግቢያው ረዝሞ ነው አልኩ። በሁለተኛውም አልመጣም። በሦስተኛው፣ «የቧንቧ ውሃ» ብዬ የጻፍኩት ግጥም የሚገባበት ቦታ ላይ ጊታሩ ብቻ ቀልጦ አለፈ። አንደኛው ጎን ሲያልቅ ኤልያስ ካሴቱን ሊገለብጥ ሲያጎነብስ አጠገቡ ተጠጋሁ።

«እኔ የት አለሁ?»

ቀና አላለም። «መጀመሪያ ላይ አለህ።»

«እሱ ጋሽ ዱካሌ ነው።»

«ስምህ አለ።»

«እሱን ነው እኮ እቆርጠዋለሁ ያልከው!»

የካሴቱን በር ቀስ አድርጎ ዘጋ። «ሌላውን ሁሉ ቆርጬ ስጨርስ» አለ፣ «እሱን ለመቁረጥ እጄ አልታዘዘኝም።»

መቆጣት ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጆንያ ላይ ቆሜ ዘፍኜ ሳለ፣ እኔ የሌለሁበትን ካሴት መርጦ ለሚያወጣ ሰው ቢያንስ አንድ ስድብ ይገባዋል። ሄጄ ቦታዬ ተቀመጥኩ፣ ንፍሮዬን በላሁ። ጨው ጎድሎታል ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛው ጎን ተጀመረ፤ እኔ በሌለሁበት በጣም ጥሩ ነበር። ይህንን ለመናገር ይህን ሁሉ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ጥሩ ነበር። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ኤልያስ አንዱን ክር እስኪበጠስ ድረስ እየጎተተ የሚያስጮኽበት ቦታ አለ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንፋሽ አጥቶ የሚንቀጠቀጥ ጩኸት። ክሩ ሲበጠስ ይሰማል። ከዚያ ካሴቱ አለቀና ማጫወቻው ቀጭ ብሎ ዘለለ።

አርባ ሰው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ኤልያስ ግን አንገቱን ደፍቶ የማንጎ ቅጠል ይቀዳድዳል፤ ስለ ለቅሶ ሥርዓት ብለው እንጂ ስለ እሱ ብለው እንዳልተቀመጡ ያውቃል። ይኼ ይቆጠራል ወይ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ነበር የሚመስለው።

አዬ ወደ እሱ ዞረች። «የልጄ ድምፅ የትኛው ነው?»

ኤልያስ አየኝ። አፉን ሲከፍት እውነቱን ሊነግራት እንደሆነ ገባኝ፤ እሱ እንደኔ መዋሸት አይችልም። ቀደምኩት።

«መጨረሻ ላይ ያለው ነው፣ አዬ። ያ ረጅሙ ጩኸት። እኔ ነኝ።»

ለማን ብዬ እንደዋሸሁ አላውቅም። ለእሷም ሊሆን ይችላል፣ ለእሱም። ስናገረው ምንም አልተሰማኝም፤ ሰዓት ስንት ነው ተብዬ የመለስኩ ያህል።

አዬ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለተሰበሰበው ሰው በሙሉ፣ «አዎ፣ እሱ ነው» አለች። «ሲወለድም እንደዚህ ነው የጮኸው። እዚሁ ቤት። ትንፋሹ እስኪቆም። አዋላጇ ፈርታ ነበር።»

«አስታውሳለሁ፣ እስከ ወፍጮው ድረስ ተሰምቷል» አለ አቶ ሳና። አሮጊቶቹም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሁሉም አስታወሱት።

«እሱን መልሱልኝ» አለች አዬ።

ኤልያስ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኖቹ ሞልተው ነበር። አየኝ፤ እኔም «መልስላት» አልኩት። በቴፑ እንዳያጠነጥነው ባትሪው አልቋል፤ ለጩኸቱ የምትሆን ትንሽ ነው የቀረችው። ስለዚህ ካሴቱን አወጣው፣ አንዱ ሽማግሌ እስክሪብቶ ሰጠው፣ በካሴቱ ጥርስ ውስጥ ሰክቶ በእጁ ማዞር ጀመረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

ሰዎቹ ንፍሮአቸውን እንደያዙ ተቀምጠው ጠበቁት።